ካርድሽ የታል?

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ክረምቱ ከጎንደር ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ግንቡን ሸፍኖት ይቆያል። ጎረቤቴ እትዬ… (ስማቸውን ልተወው፤ «ጋዜጣ ላይ አወጣኸኝ» ብለው ቡናቸውን ቢነሱኝ የምጎዳው እኔ ነኝ) በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው የእህታቸው ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ አንተ እንኳ የምትጽፍ ሰው ነህ። ይችን ልጅ ትምህርት ቤት ድረስ አብረሃት ሂድልኝ። እኔ ስናገር አይሰሙኝም፤ አንተን ይሰሙሃል።»

አልሰሙኝም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የካርድና የመሸኛ ክምር አለ። ቀና ብሎ ሳያይ ጠየቃት።

«ስንተኛ ክፍል ነው የምትመዘገቢው?»

«አሥራ ሁለተኛ።»

«የ11ኛ ካርድሽ የታል?»

«የለኝም። ቤት ነው የተማርኩት።»

አሁን ቀና አለ። «የ10ኛውስ?»

«እሱንም ቤት ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነላት ይመስላል። «እህቴ፣ ቤት ትምህርት ቤት አይደለም» አላት።

ልጅቱ ከቦርሳዋ ሁለት ወፋፍራም ደብተር አወጣች። «ጋሼ፣ ይፈትኑኝ። እዚሁ ቁጭ ብዬ ልፈተን።»

«እኔ መዝጋቢ ነኝ እንጂ ፈታኝ አይደለሁም። የ9ኛ ካርድ ካለሽ 10ኛ ክፍል ልመዝግብሽ እችላለሁ። ቀጥሎ!»

ደብተሮቹን አልገለጣቸውም። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ገፋ ገፋ አደረገንና ወጣን።

እዚህ ላይ አንባቢ በመዝጋቢው እንዳይፈርድ። ልጁ መመሪያውን ነው የሠራው፤ ያለ ካርድ ቢመዘግባት ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው። የኔ ጠብ ከሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ካርድን ከዕውቀት በላይ ካስቀመጠው አሠራር ጋርና… እውነቱን ለመናገር፣ ያንን አሠራር ተስማምተን ከተቀበልነው ከእኛው ጋር ነው።

ልጅቱ የዳባት ልጅ ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኘዋን ደጋዋን ዳባት ታውቋታላችሁ፤ የሷ ቀበሌ ከከተማው ወጣ ይላል። የዚችን ልጅ የትምህርት ታሪክ መናገር የአገሩን ታሪክ መናገር ነው። በ2012 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል ሳለች ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። 7ኛን ጨርሳ ወደ 8ኛ ስትዘጋጅ፣ በ2013 ነሐሴ መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አካባቢ ደረሰ። እንደምንም 8ኛን ተፈተነች፤ በ2015 ዓ.ም. 9ኛን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ካርዷ ላይ «ተዛውራለች» ይላል። የተዛወረችበት ክፍል ግን አልተከፈተም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ደጋግሞ የተናገረው ነው።

ታላቅ ወንድሟ መምህር ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋበት እሱም ቤት ዋለ። «ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል» ሲባል መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ላይ ወንድምየው የጎታውን ክፍል በር አውልቆ በከሰልና በውሃ አጠቆረና ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሰሌዳ አደረገው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በእጅ የሉም፤ ኢንተርኔትም ተዘግቷል። አንድ ስልክ ጠጋኝ ግን የ10ኛና የ11ኛ መጻሕፍትን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጧቸው ኖሮ ሚሞሪ ላይ ገልብጦ ሰጣቸው። በሶላር በሚሞላ ስልክ፣ በእጅ መዳፍ በምታክል ስክሪን፣ ሎጋሪዝም! እስኪ እናንተ ሞክሩት።

ዓርብ ዓርብ ፈተና አለ። ወንድምየው ጥያቄውን በእጁ ይጽፋል፤ ሰዓት ይይዛል፤ በቀይ ያርማል። ያ መዝጋቢው ሳይገልጠው የቀረው ደብተር ይሄ ነው። እኔ ቤት ወስጄ ገልጬዋለሁ። ከኅዳር 2016 ጀምሮ የሁለት ዓመት የዓርብ ፈተና፣ በቀን፣ በቀን የተጻፈ። ወንድም ለእህቱ የሰጠው ነጥብ ነውና መቶ በመቶ የሞላበት መስሎኝ ነበር። ኬሚስትሪ 61፣ 58፣ እንደገና 58፣ 70… አንዱ ገጽ ላይ «ይህን ሦስተኛ ጊዜ ነው የተሳሳትሽው፤ ነገ በቃል ትመልሻለሽ» ይላል። እኔ በዘመኔ ካስተማሩኝ መምህራን ውስጥ እንዲህ የጨከነልኝ አንድ ወይ ሁለት ቢገኝ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ አክስቷ ወደ ጎንደር መጣች። በዓመቱ እኩሌታ ያለ መሸኛ የሚቀበል ትምህርት ቤት የለም። መሸኛ የሚጽፈው ትምህርት ቤት ደግሞ ተዘግቷል፤ ርእሰ መምህሩ የት እንደገባ፣ ማህተሙ ማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ 11ኛን የቀጠለችው በአክስቷ ግቢ ነው። ጓዳዋን የተከራየ የፊዚክስ መምህር አለ፤ የኪራዩ እኩሌታ ተቀነሰለትና አስጠናት።

ቤት ውስጥ መማር ቀላል ነው እንዳትሉኝ። በተለይ ለሴት ልጅ! ወንድ ልጅ ቤት ሲያጠና «ዝም በሉ፣ እያጠና ነው» ይባላል። ሴት ልጅ ቤት ዋለች ማለት ግን እጅ ተገኘ ማለት ነው። ቡና ቁይ፣ ሊጥ አቡኪ፣ ሕፃኑን ያዢ። የጎንደርን ውሃ ደግሞ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቧንቧው በመጣ ቀን የጀሪካኑ ሰልፍ ራሱን የቻለ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ከኬሚስትሪው 58 በስተጀርባ ስንት እንጀራ እንደተጋገረ ደብተሩ አይናገርም። ደግነቱ እትዬ ብልህ ናቸው። ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ጓዳውን ከውጭ ይቆልፉትና ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ያስሩታል። የመጣ እንግዳ ቢጠራት «የለችም» ይላሉ። ላልተማሩ እናት የዚህ ዓይነት ጥበብ ከየት መጣ ስል አስባለሁ።

ምልስ እንበልና ወደዚያ ቃል እንሂድ። «ቤት ትምህርት ቤት አይደለም።» ቃሉ የተነገረው የት ነው? ጎንደር ላይ! ኧረ ተዉ!

በዚች ከተማ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በምን ሆነና ነው? የኔታ ቤት ነበር፤ ጎጆ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር። በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና በአታ ላይ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ ሰው ግን ቀልዱን ይዞ ሙያቸውን ጣለው። መጽሐፍ ትርጓሜው «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ሁለት የሆነው ጎንደር ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ስሙ ራሱ «ቤት» ነው! ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። እኛ ለትምህርት ያለን የመጀመሪያው ቃል ቤት ሆኖ ሳለ «ቤት ትምህርት ቤት አይደለም» የሚል መመሪያ አወጣን።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቤቱ ሳይሆን ፈተናው ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ መቼ አወቀ ይባላል? ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ፣ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም፤ የጓደኛን መውሰድ የለም፤ ወዲያው ይታወቅበታል። መምህሩም ዓይናቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ጆሯቸው ግን ከተሜው የትምህርት ባለሙያ ከሚተማመንበት ከማንኛውም ኮምፒውተር ይበልጣል። ድጓውን የጨረሰ ደግሞ ወደ ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም ይወርድና እዚያ ያስመሰክራል። ቃሉን አያችሁት? ያስመሰክራል። ወረቀት አያቀርብም፤ የት እንደተማረ፣ ስንት ዓመት እንደተማረ ዋናው ነገር አይደለም። ቁጭ ብሎ ያሰማል፤ ዕውቀቱ ራሱ ይመሰክርለታል። ከጎጃም ይምጣ፣ ከወሎ ይምጣ፣ ደበሎው የተቀደደ ይሁን፣ ማንም «መሸኛህ የታል?» አይለውም።

የበጌምድሩን ሰው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን አስታውሱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ምኒልክ ወደ ጀርመን ሲልኳቸው በርሊን ላይ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግእዝና አማርኛ አስተማሩ። ከሚስዮንም ከቅኔ ቤትም የተማሩ ሰው ነበሩ። ለበርሊን ሊቃውንት ያቀረቡት የክፍል ደረጃ አይደለም፤ የሚያውቁትን ነው። ዛሬ አለቃ ታዬ በሕይወት ቢኖሩና ዩኒቨርሲቲ ልግባ ቢሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን እናንተው ንገሩኝ።

አትሳሳቱብኝ። ቅኔ የቆጠረ ሁሉ ነገ ኢንጂነሪንግ ይግባ እያልኩ አይደለም። ቅኔ ቤት ካልኩለስ የለም። የዳባቷም ልጅ ማይክሮስኮፕ በስልክ ሥዕል እንጂ በዓይኗ አላየችም፤ ቤት የቀረባት ብዙ ነገር አለ። የምለው ሌላ ነው። ምን ያህል እንደቀረባትና ምን ያህል እንዳልቀረባት ለማወቅ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ መጠየቅ። እሷም ያለችው ይሄንኑ ነው፤ «ይፈትኑኝ» ነው ያለችው።

ካርድ ያለው ሰው ያውቃል፣ የሌለው አያውቅም የሚለው ግምት ራሱ ምን ያህል ያዋጣል? እስኪ የመንግሥትን ቁጥር እንይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቶች ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ የ2014 ተፈታኞች ናቸው። መኮራረጁና የፈተና ስርቆቱ ስለበዛ ነው እንዲያ የተደረገው፤ ትክክል ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነና አገር ጉድ አለ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

እንግዲህ እነዚያ የወደቁት መቶ ሺዎች ሁሉም ካርድ ነበራቸው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ማህተም ያረፈበት፣ «ተዛውሯል» «ተዛውራለች» የሚል። ማህተሙ የመሰከረው ዕውቀትን ቢሆን ኖሮ 97ቱ በመቶ አይወድቅም ነበር። ማህተሙ የመሰከረው ልጁ ክፍል ውስጥ መቀመጡን ነው፤ እሱም ቢሆን ካልቀረ። ይሄን ካርድ ነው እንግዲህ ለዚች ልጅ በር መዝጊያ ያደረግነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ካርድን አጥብቆ መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው ፈተናው የማይታመን ሲሆን ነው። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥና መልሱ በስልክ ሲዞር፣ «ቢያንስ ክፍል የተቀመጠ ይሁን» ማለት ያስኬዳል። አሁን ግን ተፈታኙ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ተፈትሾ፣ ስልኩን ትቶ፣ እዚያው አድሮ ነው የሚፈተነው። ፈተናው እንዲህ ከታመነ ለምን ሥራውን አይሠራም? ቤት የተማረውንም፣ ትምህርት ቤት የተማረውንም በአንድ ወንፊት ለምን አያበጥርም?

«የግል ተፈታኝ የሚባል ነገር አለ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ይኑርም። ግን በግል ለመመዝገብም የሚጠየቀው ያው የቀደሙት ክፍሎች ማስረጃ ነው። የግል ተፈታኝ ማለት ቤት የተማረ ማለት ሳይሆን ትምህርት ቤት ተምሮ የወደቀ ወይም ያቋረጠ ማለት ሆኗል። ምርጥ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ አያስወጡም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ቢሆንም መጀመሪያ የ12ኛውን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለ፤ ለእሱ ለመቀመጥ ደግሞ ካርድ አለ፤ ለካርዱ መሸኛ አለ። ሰንሰለቱን እየተከተላችሁ ብትሄዱ መጨረሻው ዳባት ውስጥ የተዘጋ ቢሮ ላይ ይቆማል።

የባዕዱንም እንይ። «ማትሪክ» የምንለው ቃል ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከወረራው በኋላ የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የሚፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን ማትሪክ ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፈረንጆች 1858 በሩን ሲከፍት ያለው «የትም ተማር፤ ፈተናዬን ካለፍክ ዲግሪዬን ውሰድ» ነው። ማንዴላ ከሮበን ደሴት እስር ቤት ሆነው የሕግ ትምህርት የተከታተሉት በዚሁ በር ነው። እኛ ቃሉን ወሰድን፤ በሩን እዚያው ረሳነው።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ስልክ ስንደዋወል የዳባቷን ልጅ ነገር አጫወትኳት። ሳቀች። ጎረቤቷ አራት ልጆቿን ቤት ታስተምራለች አለችኝ፤ ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እያመለከተ ነው።

«ካርዱን ማን ሰጠው?» አልኳት።

«እናቱ!»

«እናቱ ራሷ ጽፋ?»

«ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ፈርማ።»

ጉድ በል ጎንደር! ነገሩ እንዲያ ነው ለካ። በአሜሪካ በሃምሳውም ግዛት ልጅን ቤት ማስተማር በሕግ የተፈቀደ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ወላጅ በየዓመቱ ለወረዳው ትምህርት ቢሮ ያሳውቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ መማሩን በፈተና ወይም በገለልተኛ ሰው ግምገማ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት እናት የተማረውን ትዘረዝራለች፤ የትኛውን መጽሐፍ እስከየት እንዳነበቡ፣ እንዴት እንደፈተነችው፣ ነጥቡን በምን እንደሰጠች። ከዘመድ ውጭ የሆነ ሰውም ስለ ልጁ ይጽፋል። የእናትን ነጥብ እንደ ወረደ የሚያምን የለም፤ ስለዚህ ኤስ.ኤ.ቲን የመሰለ አገር አቀፍ ፈተና ከጎኑ ይቀመጣል። ሃርቫርድም ኤም.አይ.ቲም የዚህ ዓይነቱን ማመልከቻ ተቀብለው ያያሉ። ኤም.አይ.ቲ እንዲያውም በኮሮና ጊዜ የተወውን የኤስ.ኤ.ቲ ግዴታ በ2022 በፈረንጆች ሲመልስ ከሰጠው ምክንያት አንዱ፣ ደህና ትምህርት ቤት ያላገኘን ጎበዝ ልጅ ለመለየት ፈተናው ይረዳኛል የሚል ነበር። እኛ ፈተናን መጣያ አደረግነው፤ እነሱ መፈለጊያም አደረጉት።

አሜሪካንን ላመልክ አይደለም። እዚያ ቤት የምታስተምር እናት ብዙውን ጊዜ የሚሠራ ባል፣ መጽሐፍ የሞላበት ቤትና ጊዜ ያላት ናት። የዳባቱ ወንድም በከሰል የተጠቆረ በር ነው ያለው። ግን ደብተሩን ከዚያች እናት ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡትና ፍረዱ። ቀን አለው፤ ጥያቄ አለው፤ እርማት አለው፤ 58 አለው። ይሄ ማስረጃ ካልሆነ ምን ማስረጃ ይሆናል? ቨርጂኒያ ቢላክ የሚገለጥ ደብተር ጎንደር ላይ ሳይገለጥ ተመለሰ።

አሁን የማላኮራበትን ልናገር። ከምዝገባው እንደተመለስን አንድ የሚያውቀኝ ሰው ነገሩን ሰምቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ምን አስጨነቀህ? ካርድ አሠሪ አለ እኮ። የ10ኛም የ11ኛም፣ ከነማህተሙ። ልጅቱ ጎበዝ ከሆነች ማን ይነቃል?» አለኝ። ዋጋውን ነገረኝ፤ ከአንድ ጫማ ብዙም አይበልጥም። እውነቴን ነው፣ «እሺ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማታ ለእትዬ በወሬ መሐል ጣል አደረግሁላቸው። ልጅቱ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ ወጣች።

«ጋሼ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ዓርብ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ካርዱን ብትገዛ ያለፈው ሁለት ዓመቷ ውሸት ሊሆን ነው፤ ወንድሟ በቀይ ያረመው ሁሉ በሐሰተኛ ማህተም ሊተካ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው የሚሠራው እንግዲህ። የማያውቅ ባለካርድ ያልፋል፤ ያላወቀውም ካርድ ገዝቶ ያልፋል፤ አውቃ እውነቱን የተናገረችው ብቻ ትቆማለች። ከዚያ ደግሞ ዞረን «የሐሰተኛ ማስረጃ ብዛት!» ብለን እንጮሃለን።

ድሮ «ደብል መምታት» የሚባል ነገር ነበር፤ ትልልቆቹ አንባቢዎች ታስታውሱታላችሁ። ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ጎረምሳ አንደኛ ክፍል አይቀመጥም፤ ተፈትኖ ሦስተኛም አራተኛም ይገባል። ጎበዝ ሆኖ ከተገኘም በዓመት ሁለት ክፍል ይዘላል። በዚያ መንገድ ያለፉ ስንት ዳኞች፣ ስንት መምህራን፣ ስንት ሐኪሞች አሉን! ያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር፤ ዕውቀት ከሌላ ቦታም እንደሚመጣ የማያውቅ ርእሰ መምህር አልነበረም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በዛና ይሄን ረሳነው። የረሳነው ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ በተዘጉበት ሰዓት ነው።

ደግሞ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞችን በግቢው አስተኝቶ ያስፈትናል፤ አዳራሹም፣ መምህሩም፣ ልምዱም አለው። በክረምት ሦስት ቀን፣ ለ10ኛና ለ11ኛ የደረጃ መለያ ፈተና ተሰጥቶ ያለፈ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወር ቢባል የሚጎድል ነገር ምንድን ነው? ያላወቀ ይወድቃል፤ በቃ። ይሄ ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1947 ዓ.ም. ገደማ በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲቆም፣ በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሰው በጨረሰበት ማግስት ነው። ሠራተኛውን በቡድን አሠልጥኖ፣ በሽተኛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ገጠሩ ጤና ጣቢያ የላከ ቤት ነው። የዚያ ቤት ልጆች ለጃናሞራ፣ ለበየዳ፣ ለአዳርቃይ ልጅ ሦስት ቀን አያጡም። መመሪያው ከላይ ካልመጣ ምን ያድርጉ የሚል ካለ፣ ከላይ ያሉትም ይሄን ጽሑፍ ቢያነቡ ደስታዬ ነው።

ወላጆችም ብንሆን አንድንም። ይሄን ታሪክ ለስንቱ ስነግር «ምን ይደረግ፣ 10ኛ ትግባ፤ ሁለት ዓመት ምን አላት» ያሉኝ ይበዛሉ። ምን አላት? የዳባት ሴት ልጅ 19 ዓመቷ ነው። አባቷ በሰው በሰው እየላኩ «ካልሆነላት ትምጣ፤ የጠየቃት አለ» ይላሉ። አባትየው ክፉ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ከፍለው ያስተማሩት ልጃቸው መንግሥት «አልተማረችም» ካላት እሳቸው በምን ይከራከሩ? ከ10ኛ ስትጀምር ዩኒቨርሲቲ የምትደርሰው በ22 ዓመቷ ነው፤ ያውም ትምህርት ቤቱ እስከዚያ ካልተዘጋ፣ ያውም የጠየቃት ሰው ከታገሠ።

ልጅቱ 10ኛ ክፍል ገብታለች። ከሷ በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች መካከል መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኅዳር ላይ የሒሳብ መምህሯ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ራሱ መሐል ላይ ተደናቀፈበት አሉ። ከኋላ ሆና እጇን አወጣችና ሄዳ ጨረሰችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የክፍሉን የፈተና ወረቀት የምታርመው እሷ ናት፤ በቀይ። እትዬ እንደነገሩኝ መምህሩ በጣም ይወዳታል።

ካርዷን ሰኔ ላይ ትቀበላለች። የ10ኛ ክፍሉን።